ስለ አምስተኛው ጎማ

ማንኩሳን መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቃታል፤ በእኛ ቤት ግን የምትታወሰው በአንድ ጎማ ምክንያት ነው።

ነገሩ በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር የሆነ ነው። አክስቴ ቡሬ ላይ ዐርፋ፥ ቀብሯ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል ተብሎ ተነገረን። የእኅቴ ባል እናቴንና እኔን በቪትስ መኪናው ይዞ በሰባት ሰዓት ከፍኖተ ሰላም ተነሣ። መንገዱ ቅርብ፥ ሰዓቱም የተረፈ ነበር። ነገር ግን ማንኩሳ ሳንደርስ ከፊት በስተቀኝ ያለው ጎማ ፈነዳ።

የእኅቴ ባል አልደነገጠም። «እማማ፥ አይጨነቁ፤ ስኮርታ አለን፤ በሩብ ሰዓት እንነሣለን» አለና የኋላውን ክዳን ከፍቶ፥ ምንጣፉን ገልጦ፥ ያን ቀጭን ጎማ አወጣ። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ገበሬ ቆሞ ተመለከተውና «ይህስ የመኪናው ግልገል ነው እንጂ ጎማ ነውን?» ብሎ አሳቀን። ሳቃችን ብዙ አልቆየም። ጎማው ታስሮ ክሪኩ ዝቅ ባለ ጊዜ፥ ግልገሉ እንደ ባዶ ስልቻ ተጨፍልቆ በቸርኬው ሥር ተኛ። መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበርና በውስጡ ነፋስ አልነበረም።

ጎማውን ፈትተን፥ ባጃጅ ለምነን፥ ማንኩሳ ወስደን ነፋስ አስሞልተን እስክንመለስ ድረስ ቀኑ ሄደ። ቡሬ ስንደርስ ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ በድንኳን ተቀምጦ ነበር። እናቴ እኅቷን ሳትሰናበት ቀረች። በዚያን ቀን ለአማቿ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ እርሱም ከዚህ ይልቅ ብትቆጣው እንደሚመርጥ በኋላ ነግሮኛል።

ስኮርታ የምንለው ስም፥ እንደ ጎማ፥ እንደ ክሪክና እንደ ፍሬን ሁሉ፥ ከኢጣልያንኛ የወረስነው ነው። በሕንድ አገር ደግሞ «ስቴፕኒ» ይሉታል። ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904፥ በዌልስ አገር ላኔሊ በምትባል ከተማ፥ መለወጫ ጎማ ሠርተው መሸጥ የጀመሩት ወንድማማቾች ሱቃቸው በስቴፕኒ መንገድ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ በፊት መኪና ያለ መለወጫ ይሸጥ ነበርና፥ ጎማው የተበሳበት ሰው በመንገድ ዳር ተቀምጦ መለጠፍ ግዴታው ነበር። እኛም ያን ቀን ወደዚያ ዘመን ተመልሰን ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ቀጭኑ ስኮርታ መልኩ ጎማ ቢሆንም፥ ጠባዩ ከአራቱ ወንድሞቹ የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሠሪዎቹ ያቀጠኑት ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ነው። የመኪናን ሸክም የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታመቀው ነፋስ ነው፤ ትንሹ ጎማ የሚይዘው ነፋስ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ያው ሸክም እንዲቻለው እጅግ ታምቆ መሞላት አለበት። ስለዚህ ተራው የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ሲበቃው፥ ቀጭኑ ብዙውን ጊዜ 60 ይፈልጋል። ልኩም በጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው፤ 30 ብቻ የቀረው ቀጭን ጎማ በእጅ ሲጫኑት ወይም በእግር ሲረግጡት ጠንካራ ይመስላል። እውነቱን የሚናገር የነፋስ መለኪያ ብቻ ነው። ማንኛውም ጎማ ሳይበሳ እንኳ በየወሩ አንድ ወይም ሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ስለሚያጣ፥ ሁለትና ሦስት ዓመት የተዘነጋ ስኮርታ ምን እንደሚሆን አንባቢዬ ራሱ ያስላው።

ከነፋሱ ቀጥሎ ዕድሜው ይታይ። በጎማው ጎን ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። በእኛው ላይ የነበረው 3203 ነው፤ ይህም በፈረንጆች 2003 ዓመት በ32ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ኖሯል! የጎማ ሠራተኞች ከዐሥር ዓመት ያለፈውን፥ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ባይነካ፥ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ላስቲኩ በተቀመጠበት ይደርቃልና። ጎኑ ላይ እንደ ፀሐይ ያየ ጭቃ የተሰነጣጠቀ እንደ ሆነ አይታመንበት። ቫልቮላውንም የሳሙና ውሃ ቀብቶ አረፋ እንዳያወጣ መመልከት ነው። ክሪኩና የጎማ መፍቻው በስፍራቸው መኖራቸውን መቁጠርስ ማን ይከለክላል?

በሃይሉክስና በሚኒባስ መኪና ስኮርታው ሙሉ ጎማ ቢሆንም፥ ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ ጭቃ ስለሚጠጣ ማውረጃው ይዝጋል። አልፎ አልፎ አውርዶ ማጽዳት ይገባል።

በመንገድ ላይ ሲለወጥ፥ የእጅ ፍሬን ተይዞ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ከተደገፉ በኋላ፥ ዳዶዎቹ መኪናው ገና መሬት ሳለ ይላላሉ። ሲጠብቁም አንዱን ጠብቀው ወደ ማዶኛው ይሻገራሉ እንጂ በተራ አይዞሩም። ከክሪክ በላይ ባለ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የደገፋችሁበትን ድንጋይ ደግሞ፥ እባካችሁ፥ ከመንገድ አንሡት፤ በሌሊት ለሚመጣው መንገደኛ እርሱ ራሱ አደጋ ነው።

የፊት ጎማ የፈነዳ እንደ ሆነ፥ ከኋላ ያለውን ሙሉ ጎማ ወደ ፊት አምጥቶ ቀጭኑን ከኋላ ማሰር ይመረጣል። እንደ ቪትስ ያለ መኪና ኃይሉን የሚያገኘው ከፊት ጎማዎቹ ሲሆን፥ የቀጭኑ ዙሪያ ብዙውን ጊዜ ስለሚያንስ ሁለቱ እኩል ሳይዞሩ ዲፈረንሻሉን ያደክሙታል። ከዚያ በኋላ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ፥ በእርጥብ መንገድም ፍሬን ቶሎ እንደማይዝ እያሰቡ፥ ወደ ቅርቡ ጎሚስታ መድረስ ብቻ ነው። በዚህ ጎማ አዲስ አበባ እገባለሁ ብሎ የዓባይን በረሃ መውረድ ድፍረት ሳይሆን ዕብደት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ በፋንታው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ የነፋስ መሙያ ይሰጣቸዋል። ያ ፈሳሽ ለሚስማር ቀዳዳ ይረዳል፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ግን ምንም አያደርግ። የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ምንጣፉን ገልጦ ይመልከት።

የእኅቴ ባል አዲስ ስኮርታ ገዝቷል። በየወሩ መባቻ ከጎሚስታ ዘንድ ሲሄድ አንዳንዴ እከተለዋለሁ። ባለፈው ጊዜ የነበረው ወጣት 60 ሙላ ሲባል «ጋሼ፥ ይፈነዳል! እኔ 35 ነው የምሞላው» ብሎ እንቢ አለ። የእኅቴ ባል አልተከራከረውም፤ ጎማውን አዙሮ በጎኑ የተጻፈውን አኃዝ በጣቱ አሳየው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ እንደ ገና አነበበ፤ ከዚያም የነፋሱን ቱቦ አነሣ።