በናፍጣና በጋዝ ስለሚሠራ የካሚዮን ሞተር

ካንጋተን በደቡብ ኦሞ የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ ናት። ሕዝቧም በከብት እርባታና በኦሞ ዳር በሚዘራ ማሽላ የሚኖር ነው። እህል ሲጎድል፥ ዘርና የከብት መድኃኒት ሲያስፈልግ የሚደርስላት በካሚዮን ነው፤ ካሚዮኑም የሚሄደው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣውም ራሱ በካሚዮን ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ናፍጣ በተወደደ ቁጥር የእህሉ ዋጋ አብሮ ይወጣል፤ የታጣም እንደ ሆነ የተራበ ሰው መንገድ መንገድ እያየ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ የናፍጣ ሞተር ጋዝና ናፍጣ በአንድነት እንዲያነድ ተደርጎ ይለወጣል የሚል ወሬ ሲሰማ፥ ሹሙም ባለ እርሻውም ጆሮውን ቢያቀና አያስገርምም። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣ በተረጨበትም ጊዜ በራሱ ይነዳል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በራሱ ለመንደድ ከ500 ዲግሪ የሚበልጥ ግለት ይሻል፤ ለናፍጣ 250 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ጋዙን ከሚሳበው አየር ጋራ ቀላቅለው ያስገባሉ፤ ጥቂት ናፍጣም ይረጩበታል፤ ናፍጣው እንደ ክብሪት ሆኖ ጋዙን ያቀጣጥለዋል። በደኅና የተሠራ እንደ ሆነ ጋዙ የናፍጣውን ግማሽ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠውን ይተካል። ጋዙ ባለቀ ጊዜ ሞተሩ እንደ ቀድሞው በናፍጣ ብቻ ይሄዳል፤ ለሩቅ መንገደኛ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ጉዳትም አለው። ታምቆ የሚጫነው ጋዝ ግፊቱ እስከ 200 ባር ስለሚደርስ ጽኑ ጋን ይፈልጋል፤ የጋኑም ክብደት ከሚጫነው እህል ይቀንሳል። መጠኑን የሚለካ ብልህ መካኒክ ከሌለ ሞተሩ ያንኳኳል፥ ከልክ በላይ ይግላል፥ ፒስተኑም ይበላሻል።

ጋዙስ ከወዴት ይመጣል? በሱማሌ ክልል በካሉብ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጋዙን እያቀዘቀዘ ፈሳሽ የሚያደርገው ፋብሪካ ግን የተመረቀው በ2018 ዓ.ም. በመስከረም ነው። ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች በ162 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው፤ ካሉብ በምሥራቅ፥ ካንጋተን በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ናቸው። በመንገዱ ላይ የጋዝ መሙያ ያላገኘ ካሚዮን ባዶ ጋን ተሸክሞ ናፍጣውን ያቃጥላል።

እንግዲህ ሞተር ለመለወጥ የሚያስብ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ጋዙ የሚሞላው በየት ነው? ሞተሩን የሚጠብቀው መካኒክ ማን ነው? የሚተርፈው ናፍጣ የጋኑንና የመለወጫውን ዋጋ በስንት ጊዜ ይመልሳል? መልስ እስኪገኝ ድረስ ማጣሪያውን በጊዜው መለወጥ፥ ጎማውን በልኩ መንፋት፥ ካሚዮኑንም ባዶውን አለመመለስ ያለ ብዙ ወጪ ናፍጣ ይቆጥባል።

ደግሞ ጋዝ ሲባል ሰምቶ ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ጋራ የሚቀላቅል ሾፌር ይከልከል፤ ነጭ ጋዝ እንደ ናፍጣ ስለማያለሰልስ ፓምፑን ይበላዋል። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለ፥ ያልደረሰ ጋዝ ተስፋ ተደርጎ የሚሠራው ካሚዮን እንዳይቆም መጠንቀቅ የሹም ፈንታ ነው።