መዋጮ ያዘጋው በር

«ዘንድሮ በዓሉን ሁላችንም አንድ ላይ ነው የምንውለው!» ይህቺን ቃል ያልወረወረ ማን አለ? ማለቱማ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው «ስንት ስንት እናዋጣ?» የተባለ ዕለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ እኛ ግቢ የሆነውን ላጫውታችሁ። ስድስት ተከራዮች ነን፤ ሁላችንም ወጣቶች፣ ሁላችንም ከቤተሰብ የራቅን። ስብሰባ ተብዬውን ቧንቧው አጠገብ ቆመን አደረግነው። አንዱ ደህና ደመወዝ ያለው ልጅ «በነፍስ ወከፍ 2 ሺህ 500 ብር፣ በግና ዶሮ እንገዛለን» አለ። ሁላችንም እሺ አልን። ካፌ ውስጥ በአስተናጋጅነት የምትሠራ ጎረቤታችንም እሺ አለች። ፊቷን ያየላት ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት «ዘመድ ጋ ልሄድ ነው፣ እናንተ ዋሉ» አለችን። አመንናት። እሑድ እየበላን፣ እየጠጣን፣ ሙዚቃው እየጮኸ ዋልን። ማምሻውን በኮምፔንሳቶው ግድግዳ በኩል ሳል የሰማው ጎረቤቷ ነው ጉዱን የነገረን። ለካስ የትም አልሄደችም! በሯን ከውስጥ ዘግታ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው የዋለችው። ደመወዟን ለእናቷ ልካዋለች። 55 ቀን ሙሉ ጾማ የፈታችው በሽሮ ነው።

«ምነው ብትነግሪን?» ስንላት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ገንዘብ የለኝም ከምል፣ እሷ የለችም ብባል ይሻለኛል።»

ያን ማታ የበላሁት በግ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ማናችንም ክፉዎች አልነበርንም እኮ! አጠያየቃችን ነው የተበላሸው።

ወላጆቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ቅርጫ። በሬው ታርዶ እኩል እኩል መደብ ይወጣለታል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለየመደቡ ይደርሰዋል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ ሀብታምም ሆነ ድሃ የደረሰውን አንስቶ ይሄዳል። አቅም ያነሰው ደግሞ አንዱን መደብ ከሌላ ሰው ጋር ለሁለት ይካፈላል። በዚህ የሚታዘበው የለም።

ታዲያ እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የብሩን መጠን በሰው ፊት አትጥሩ። ሁሉም የሚያምነው አንድ ሰው ምረጡና እያንዳንዱን ለብቻው «ስንት ይመችሃል?» ብሎ ይጠይቅ። መጀመሪያ ብሩ ይደመር፣ ከዚያ ገበያ ይወጣ። ለበግ ካልበቃ ዶሮ ምን አላት? 12 ብልት ናት፤ እንቁላል ሲጨመርባት ስንቱን ታጠግባለች!

ሁለተኛ፣ ጉልበትም መዋጮ ነው። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ዶሮ መበለትና በሎሚ በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ቡና ማፍላት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ወንዶች ሆይ፣ ሽንኩርት መላጥ ወንድነትን አይቀንስም! ቢያስለቅስም የሚታዘባችሁ የለም።

ሦስተኛ፣ ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ አስቀድማችሁ አስቡለት። የእናንተን እርድ እንደማይበላ እያወቃችሁ «ና ብላ» ብትሉት ምን ሊቀምስ ነው? ድፎ ዳቦውን ቁረሱለት፣ ቡናው አብራችሁ ይጠጣ። በኢድ ቀን ደግሞ እናንተ ትጠራላችሁ።

አራተኛ፣ ወጪው በወረቀት ይጻፍ። የሽንኩርቱም፣ የከሰሉም፣ የቅቤውም። ሁሉም አይቶ ይመን። ከበዓል በኋላ የሚመጣ ሐሜት ብዙውን ጊዜ መነሻው ያልተጻፈ 200 ብር ነው።

እኛ ግቢ ምን ሆነ መሰላችሁ? በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ አንዷ ልጅ በየቤቱ እየዞረች በጓዳ ጠየቀችን። ማን ስንት እንደሰጠ ከእሷ በቀር እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። በግ ቀረ፣ ሁለት ዶሮ ተገዛ። ወጡን የሠራችው ያቺው አስተናጋጇ ጎረቤታችን ናት። እመኑኝ፣ እንዲያ ያለ ዶሮ ወጥ ግቢያችን አይቶ አያውቅም! ማታ ሙዚቃው ሲከፈትም መጀመሪያ እስክስታ የወረደችው እሷው ናት።

እናንተስ ግቢ በዓል ሲመጣ «ዘመድ ጋ ልሄድ ነው» የሚል ሰው የለም? እስቲ ከመዋጮው በፊት በሩን አንኳኩለት።