ማን ዘንድ እንሂድ?

ሁለት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ያላወጣ ልጅ ካለ ጎረቤት «ወንድ ልጅ ቆይቶ ነው የሚናገረው» ይላል፤ አያት ጠበል ይመክራሉ። ጎረቤት ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቆይቶ የሚናገረውን ልጅ እርዳታ ከሚያስፈልገው መለየት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመረመረው ጆሮ ነው። የማይሰማ ልጅ ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር ኦቲዝም ያለበት ሊመስል ይችላል። በየመሀሉ ለአፍታ ፈዞ የሚመለሰው ልጅ ደግሞ ሐሳበኛ ሳይሆን የሚጥል በሽታ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሕፃናት ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ሐኪም) ድርሻ ሲሆን መድኃኒትም አለው። በወሊድ ጊዜ መታፈን ወይም ያልታከመ የአራስ ልጅ ቢጫነት አንጎልን ጎድቶ ሴሬብራል ፓልሲ (የእንቅስቃሴ ችግር) ሲያስከትል ፊዚዮቴራፒስት ቶሎ ሕክምና መጀመር አለበት። ይናገር የነበረው ቃል የጠፋበት ልጅ ከሁሉም በላይ ያስቸኩላል።

ኦቲዝምን ራሱን ግን በደም ምርመራ ወይም በአንጎል ምስል ማወቅ አይቻልም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ያለባቸውን የ11 ልጆች ታሪክ ሲጽፍ መሣሪያው ልጆቹን መመልከትና ወላጆችን ማዳመጥ ነበር፤ ዛሬም የምርመራው ዋና አካል ይኸው ነው። ተራ በሚጠብቅ ሕዝብ በተሞላ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ በጥድፊያ ኦቲዝም ነው ወይም አይደለም የሚል ሐኪም፣ ለእኔ፣ እየገመተ ነው።

ከምርመራው በኋላ የሐኪሙ ድርሻ ያንሳል። ለትኩረት ማጣትና ለቅብጥብጥነት የሚያግዝ መድኃኒት አለ፤ የኦቲዝምን መሠረታዊ ምልክቶች የሚያስወግድ ግን የለም። ዋናው ሥራ ለንግግር ቴራፒስት፣ የዕለት ተዕለት ክህሎት ለሚያለማምደው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ለልዩ ፍላጎት መምህርና ለወላጅ ይተላለፋል። የንግግር ቴራፒስት ልጁን አፍ ከማስፈታት አስቀድሞ በጣት፣ በሥዕል ወይም በምልክት የሚፈልገውን እንዲጠይቅ ያስተምረዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ገፍተው ከጀመሩት አንዷ ሐኪም አልነበሩም። ዘሚ የኑስ የውበት ትምህርት ቤት ባለቤትና ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 አቋቋሙ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከተለ። በመንግሥት በኩል የየካቲት 12 እና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ይጠቀሳሉ፤ ከከተማዋ ውጭ ያለው ወላጅ መንገዱም ወጪውም ይከብደዋል።

ስለዚህ እዚህ አገር የስፔሻሊስቱ ትልቁ ሥራ እውቀቱን ማውረድ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው የወላጆች ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የሚሰጡትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። እናት በጨዋታ፣ በምግብና በልብስ ማልበስ መሀል ልጇን እንዴት እንደምታግባባ ትለማመዳለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ምልክቶቹን እንዲያውቁ የሚያስችል ሥልጠና ተሞክሯል።

ሥልጠናው ግን የሚጥል በሽታን አያክምም፣ መስማት የተሳነውንም ጆሮ አይመረምርም። የጠረጠረችው ሠራተኛ ልጁን የምትልክበት፣ ቢያንስ ደውላ የምትጠይቀው ሐኪም ያስፈልጋታል።