የሞተር ሳይክል ዘይት፦ ከውፍረቱ በፊት ፊደሉን

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ላይ ከሚታዩት ሞተሮች አብዛኞቹ ራዲያተር የላቸውም። ቦክሰሩም ቲቪኤሱም የሚቀዘቅዘው ሲሊንደሩን በከበቡት ስስ የብረት ክንፎች መካከል በሚያልፈው ነፋስ ነው። ነፋሱ የማይደርስበትን የፒስቶኑን ሆድና የቴስታታውን ውስጥ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ዘይቱ ነው።

ያ ዘይት ታዲያ ብዙ አይደለም። አንድ የቤት መኪና አራት ሊትር ገደማ ሲይዝ፣ ባለ 100 ወይም ባለ 150 ሲሲ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ያህል ብቻ ነው። መኪና ላይ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ፍሪሲዮኑም ደረቅ ነው። ሞተር ላይ ግን ፒስቶኑም፣ የማርሹ ጥርሶችም፣ የፍሪሲዮኑ ዲስኮችም የሚጠቀሙት ያችኑ አንድ ሊትር ነው። ዘይት ሲመረጥ የሚሠራው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ይህን ከመርሳት ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

«ሞተሬ ይሞቃል፣ ወፈር ያለ ዘይት ስጠኝ» ማለት የተለመደ ነው። ሦስቱ ከተሞች ግን በረሃ አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ አካባቢዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ደጋዎች ናቸው። በሱሉልታ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ውርጭ ይጥላል።

ሆኖም ሞተሩ መሞቁ እውነት ነው። ምክንያቱ የአየሩ ጠባይ ሳይሆን የጉዞው ጠባይ ነው። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ሞተር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው ነፋስ ጥቂት ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ነጂውም በዝቅተኛ ማርሽ እያስጮኸ ይነዳዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ በክንፎቹ መካከል ገብቶ ይደርቅና ነፋሱን ይዘጋል። እንዲህ ያለው ሞተር የሚያስፈልገው መጀመሪያ ውኃና ብሩሽ ነው፤ ዘይት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

እውነተኛው ቆላ የሚጀምረው ከከተሞቹ ወጣ ሲባል ነው። ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ የሄደ ሰው ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ እስከ ደጀን ዳገቱን ይያያዘዋል። ከሰበታ በጅማ መንገድ ወሊሶንና ወልቂጤን ያለፈ ሰው ግቤ ሸለቆ ይጠብቀዋል። በበጋ እኩለ ቀን በእነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ሙቀቱ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የዘይት ባለሙያዎች በልምድ የሚይዙት አንድ ስሌት አለ፤ የዘይቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እርጅናው በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ስለዚህ ዓባይን በጭነት የሚመላለስ ሞተርና በቡራዩ ውስጥ ለውስጥ የሚሠራ ሞተር አንድ ዓይነት ዘይት ቢጠቀሙም እኩል ኪሎ ሜትር አያስኬዳቸውም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በጠርሙሱ ላይ 20ደብልዩ-50 ወይም 10ደብልዩ-30 የሚል ጽሑፍ አለ። ዘይት እንደ ማር ነው፤ ብርድ ሲነካው ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል። ባለ 20 የሆነው የሞተር ማስነሻ ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። የሱሉልታ ውርጭ እዚያ ስለማይደርስ በዚህ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም። ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ፣ ሳያስጮኹ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ መንቀሳቀስ ይበቃል።

ሁለተኛው ቁጥር የሚለካው ዘይቱ 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ነው። ሳንቲስቶክ በሚባለው የውፍረት መለኪያ ባለ 30 ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5፣ ባለ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ ባለ 50 ከ16.3 እስከ 21.9 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዘይቱ ሲሞቅም ወፈር ብሎ ይቆያል።

ታዲያ ሁልጊዜ 50 አይሻልም? አይሻልም። ወፍራም ዘይት ፖምፓው ገፍቶ ቴስታታው ላይ እስኪያደርሰው ይዘገያል፤ የሞተሩን ጉልበትና ነዳጅም ይበላል። አምራቹ በብረቶቹ መካከል የተወው ክፍተት ለተወሰነ ውፍረት የታሰበ ነው። በርካታ የቦክሰር መመሪያዎች 20ደብልዩ-50 ሲያዝዙ፣ በርካታ የቲቪኤስ ሞዴሎች ደግሞ 10ደብልዩ-30 ይጠይቃሉ። የጎረቤት ቦክሰር የተመቸው ዘይት ለቲቪኤስ ላይሆን ይችላል። ብዙ መመሪያዎች የአየሩን ሙቀት ከዘይቱ ቁጥር ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አላቸው፤ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ከፍ ያለውን ቁጥር መምረጥ ካለበት ከዚያ ሰንጠረዥ ሳይወጣ ይምረጥ።

ከቁጥሩ የሚበልጡት ሁለት ፊደላት

ገዢው ብዙ ጊዜ የማያያቸው ፊደላት በጠርሙሱ ጀርባ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ፤ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 ይላሉ። ጃሶ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ሲሆን፣ ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ያወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ደረጃው ያስፈለገው የመኪና ዘይት አምራቾች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም መጨመር ስላበዙ ነው። ቅመሙ መኪናን አይጎዳም። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ዲስኮቹ እርስ በርስ በመያያዝ የሚሠራ ነው፤ ቅመሙ ሲገባበት ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ።

ምልክቱ ዳገት ላይ ይታወቃል። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን የድምፁን ያህል አይጎትትም። መንሸራተቱ ከቀጠለ ዲስኮቹ ተቃጥለው ያልቃሉ፤ ወጪውም ከብዙ ጠርሙስ ዘይት ይበልጣል።

ኤምኤ እና ኤምኤ2 ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን ተፈትነው ያለፉ ናቸው። ኤምቢ የሚለው በአንጻሩ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ለሆነ ስኩተር የታሰበ ስለሆነ ለቦክሰር አይሆንም። ኤፒአይ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላት ደግሞ የጥራት ደረጃ ናቸው። ኤስ ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ ሲ ብሎ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው፤ ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። መመሪያው ኤስኤል ካለ ኤስኤን ይሆናል፤ ኤስኤፍ ግን ያረጀ ነው። ለጭነት መኪና ከተገዛው 15ደብልዩ-40 ላይ ቀንሶ ሞተር ላይ መጨመርም የተለመደ ነው። ኤምኤ የሚል ከሌለበት ይቅርብዎ።

ሲንቴቲክ ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል የሚባለውም ልክ አይደለም። የሚያንሸራትተው ቅመሙ ነው፤ ኤምኤ ያለው ሲንቴቲክ ችግር የለበትም። ሲንቴቲኩ ሙቀት ስለሚችል ረጅም የቆላ መንገድ ለሚሄድ ሰው ዋጋውን ያወጣል። በከተማ ለሚሠራ ትንሽ ሞተር ግን ተራውን ማዕድናዊ ዘይት በጊዜው መቀየር ያዋጣል።

ቤንዚን የሚሸት ዘይት

በከፍታ ቦታ ላይ ብዙ የማይወራለት ሌላ ችግር አለ። ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ፣ ሳሳ ባለው የደጋ አየር ውስጥ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በፋሻው አልፎ ወደ ኮፓው ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። ይህን ችግር አጭር ጉዞ ያባብሰዋል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን በፈቃድ ስትገድብ፣ ፈቃድ የሌለው የዳር ከተማ ሞተር ሥራው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ሆነ። በአጭር አጭር ጉዞ ደግሞ ዘይቱ በደንብ ስለማይሞቅ የገባው ቤንዚን ተንኖ አይወጣም።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ማሽተት፣ ጠብታውንም በሁለት ጣት መሐል ማሸት ይበቃል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና እንደ ወትሮው ካላሟለጨ፣ ወይም ደረጃው ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ዘይቱን መቀየርና ካርቡሬተሩን ለመካኒክ ማሳየት ነው። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ከተገኘ ይኸው ጥርጣሬ ይጠነክራል። የዘይቱ መጥቆር ብቻውን ግን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ጥላሸቱን እያጠበ ነው ማለት ነው። ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር።

መቼ ይቀየር?

አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱን ቶሎ መቀየር አለበት፤ ብዙ አምራቾች ከ500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ያዝዛሉ። ብረቶቹ እርስ በርስ ሲለማመዱ የሚረግፈው ደቃቅ ብናኝ በዚያ ዘይት ውስጥ ነውና። ከዚያ በኋላ መመሪያው የሚሰጠው ኪሎ ሜትር ለመልካም መንገድና ለመጠነኛ ጭነት የታሰበ ነው። አቧራ፣ ጭነትና ዳገት ለማይለየው ሞተር ግማሹን መያዝ ይመከራል፤ 5,000 የሚል ከሆነ 2,500 ላይ ይቀየር። የማርሹ ጥርሶች ዘይቱን እየፈጩ ስለሚያቀጥኑት ማርሹ ሲገባ መክበድና መንኳኳት ከጀመረ፣ ቀኑ ባይደርስም ዘይቱ ደክሟል።

ደረጃው በየሳምንቱ ይታይ። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጥፋ፤ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ፤ ሞተሩም በጎን መቆሚያው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይቁም። መለኪያ ዘንጉን አጥብቆ መለካት ወይም ሳያጠብቁ መለካት እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን ማየት ያስፈልጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ በቂ ነው፤ ለነገ ብሎ አብዝቶ መሙላት ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል። ዘይት ሲቀየር ፊልትሮው ወይም ወንፊቱ አብሮ ይታይ።

ሱቅ ላይና ከተቀየረ በኋላ

በጣም የረከሰ «ዋና» ዘይት ጥርጣሬ ይገባዋል። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ በታዋቂ ስም ጠርሙስ ሊሸጥ ይችላል። የክዳኑ ቀለበት ሲከፈት የሚበጠስ መሆኑን፣ የምርት ቁጥሩም ጠርሙሱ ላይ የታተመ እንጂ የተለጠፈ አለመሆኑን ይመልከቱ። ከነዳጅ ማደያ ወይም ከታወቀ ወኪል መግዛትና ደረሰኝ መያዝ ይሻላል። ዘይቱን ጋራዡ የሚያቀርበው ከሆነ፣ ጠርሙሱ ፊትዎ ይከፈት። ባዶውን ጠርሙስም በቢላ ቀዶ መጣል ነው፤ ያልተቀደደ ጠርሙስ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል።

የወረደው የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ አይደፋም። ከቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ የሰበታና የሱሉልታ ጅረቶችም የሰውና የከብት መጠጥ ናቸው። ያገለገለ ዘይት የብረት ብናኝና ለካንሰር የሚያጋልጡ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት እጅ ላይ ሲፈስ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሞ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ነው። ለዚያ አንድ የአምስት ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ላዩ ላይ ግን «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ይጻፍበት፤ ቤት ውስጥ ካለው የምግብ ዘይት ጀሪካን ጋር እንዳይምታታ።