ትምህርት ቤትን ስለ መምረጥ

ልጆች ሆይ፤ ዕውቀት ሌባ የማይሰርቀው ሀብት ነው። ስለዚህ አባትና እናት ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰዱ ብዙ ያስባሉ። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ሐሳቡ ይበልጥ ይከብዳል።

በአገራችን የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ወሰነ። ሆኖም በብዙ ስፍራ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ወላጅ ነው። በግል ትምህርት ቤት ግን ከዚህ ሌላ የትምህርት ዋጋ ይከፈላል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ጤፍና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉት እንበል። ጎረቤቱ ልጁን በግል ትምህርት ቤት ስላስገባ፥ እርሱም ወንድ ልጁን እንዲሁ ሊያስገባ ተመኘ። ለክፍያውም ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሊሸጥ አሰበ።

ይህ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል።

መጀመሪያ፥ በሬ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ክፍያው ግን እየተመላለሰ ይመጣል። አንድ በሬም ብቻውን አያርስም። ገንዘቡ በመካከል ቢያልቅ ልጁ ከትምህርቱ ይወጣል፤ እርሻውም ይጎዳል።

ሁለተኛ፥ ለወንዱ ሲከፍል ለሴቲቱ የደብተር መግዣ ቢያጣ፥ እርስዋ ውኃ እየቀዳች በቤት ትቀራለች። አንዱን አስተምሮ ሌላዪቱን መተው ቅን ፍርድ አይደለም።

ሦስተኛ፥ የትምህርት ቤት መልካምነት በክፍያው ብዛት አይታወቅም። አስተማሪው በየቀኑ ይመጣልን? በአንድ ክፍል ስንት ልጆች ይቀመጣሉ? መጽሐፉ ለሁሉ ይዳረሳልን? የሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ያነባልን? ይህን ሄዶ በዓይኑ ይመልከት፤ በጆሮውም ይስማ።

የግል ትምህርት ቤት አይጠቅምም ማለት አይደለም። በክፍሉ ያሉት ልጆች ጥቂት ከሆኑ አስተማሪው እያንዳንዱን ለመርዳት ይመቸዋል። ሳይበደር እስከ መጨረሻው መክፈል የሚችል፥ ትምህርቱም ብልጫ እንዳለው የተረዳ ወላጅ ቢመርጠው መልካም አደረገ። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለሁሉም አንድ ነው፤ ተማሪው ያወቀውን ይጠይቃል እንጂ አባቱ የከፈለውን አይጠይቅም።

እንግዲህ ያ ገበሬ በሬውን ባይሸጥ ይሻለዋል። ለሁለቱም ልጆች ደብተርና መብራት ይግዛ፤ ማታ ማታ ከሥራ አሳርፎ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡለት። እርሱ ፊደል ባያውቅ እንኳ ልጁ ሲደናቀፍ መስማት ይችላል። ከአስተማሪያቸውም ጋር አዘውትሮ ይነጋገር።

እናንተም ልጆች ሆይ፤ የጎረቤታችሁን ልጅ አይታችሁ ወላጆቻችሁን አታስጨንቁ። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይባላልና። በተሰጣችሁ ስፍራ ተግታችሁ ተማሩ፤ ያልተረዳችሁትንም ለመጠየቅ አትፈሩ።