ቁራኛ፦ ሁለት ሰው የሚይዝ ቃል

«የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ሲባል ሕመምተኛው መነሳት እንዳቃተው እንረዳለን። «በዓይነ ቁራኛ ይጠበቃል» ሲባልም ከእይታ እንዳይሰወር የተደረገ ሰው ይታየናል። በሁለቱም አነጋገር ቁራኛ ከእስረኛ ጋር አንድ መስሎን እናልፈዋለን። አንድ ግን አይደሉም።

ልዩነቱ ከቃሉ አሠራር ይጀምራል። ከ«እስረኛ» ላይ «ኛ»ን ብናነሳ እስር ይቀራል፤ ከ«ምርኮኛ» ላይ ብናነሳ ምርኮ። ከ«ቁራኛ» ላይ ስናነሳ የሚቀረን ከነገሩ ጋር የማይገናኘው ወፍ፣ ቁራ ነው። «ኝ» ከቃሉ ጋር የተዋሐደች ፊደል ስለሆነች አቆራኘ፣ ተቆራኘ፣ ቁርኝት ስንልም አትጠፋም። ግሱ ደግሞ አጣማጅ ይፈልጋል። ሰው ብቻውን ይታሰራል፤ ብቻውን ግን አይቆራኝም። «ተቆራኘ» ያለ ሰው «ከማን ጋር?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱ ያለው በድሮው የሙግት ሥርዓት ውስጥ ነው። በየአካባቢው ወህኒ ቤትም ፖሊስም ባልነበረበት ዘመን ተከሳሹን ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ማን ይጠብቀው? በቀላል ሙግት የባለጉዳዮቹ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጉዳዩ ሲከብድ ዋስ የጠራ በዋሱ ይለቀቃል፤ ዋስ ያጣ ከከሳሹ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኛል። አበዳሪና ባለዕዳም እንዲሁ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ባነሷቸው ፎቶግራፎች ላይ እንዲህ ተቆራኝተው የቆሙ ሰዎች ይታያሉ።

እስቲ ኑሮውን እናስበው። ዳኛው ያለበት ስፍራ የቀናት መንገድ ከሆነ ሁለቱ ባላንጣዎች አብረው ይጓዛሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። የከሳሹ እርሻም ባለቤቱን ይጠብቃል። ተከሳሹ እንዳያመልጥ የታሰበው ሰንሰለት ከሳሹንም ይይዘዋል፤ በዋዛ ለመክሰስ የሚያስብ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ይህን ስል ሥርዓቱን ማሞገሴ አይደለም። ጥፋቱ ያልተረጋገጠን ሰው፣ ያውም ዋስ የሚሆነው ዘመድ ስላጣ ብቻ፣ በብረት መያዝ በደል ነው። በልጅ ኢያሱ ዘመን ከተነሱት የፍርድ ማሻሻያዎች አንዱ ይህንኑ ቁራኛ የሚመለከት ነበር። ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ በዋስ የመፈታት መብትም አለው።

ሰንሰለቱ ቢቀርም ቃሉ ጥንድነቱን አልተወም። በ«ዓይነ ቁራኛ» ዓይን የብረቱን ቦታ ይዟል፤ ጠባቂውም ዓይኑን ማንሳት ስለማይችል እሱም በከፊል ተይዟል። በ«አልጋ ቁራኛ» አልጋው የከሳሹን ስፍራ ወስዷል። «የዛር ቁራኛ» ሲባል ሰውና መንፈስ ተጣምረዋል። ይበልጥ የሚደንቀኝ «ቁርኝት» ነው፤ የእናትና የልጅን ፍቅር እስከ መግለጽ ደርሷል፤ ክፋቱን ጥሎ ጥብቅነቱን ብቻ አስቀርቷል።

እንግዲህ ቁራኛን «እስረኛ» ብሎ መፍታት ከሁለቱ ሰዎች አንዱን መተው ነው። መምህራንም መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ይህን ቃል ሲያስረዱ ከሳሹን አብረው ይጥቀሱልን።