«ፓስ አውት»፦ ወደቅሽ ወይስ ራስሽን ሳትሽ?

ጅዳ ሆስፒታል የሄደች ታውቀዋለች፤ ብዙዎቹ ነርሶች ፊሊፒኖች ወይም ህንዶች ናቸው። ዐረብኛው አልሄድ ሲል ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። እኔ ሰው ቤት ስሠራም፣ አሁን እህቶችን ለማገዝ አብሬ ስሄድም ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «ዲድ ዩ ፓስ አውት?» ነው። «ራስሽን ስተሽ ነበር?» ማለት ነው። «ፓስ» ማለፍ፣ «አውት» ውጭ ብላችሁ ለየብቻ ብትተረጉሙት ምንም አይገኝበትም፤ አንድ ላይ ነው የሚያዘው።

ችግሩ እኛ ያዳለጣትንም ራሷን የሳተችውንም «ወደቀች» ማለታችን ነው። «አይ ፎል ዳውን» ካላችሁ ነርሷ የምታስበው እርጥብ ወለል ነው። እግርና ወገብ ይታያል፣ ማስታገሻ ይሰጣል፣ አለቀ። ራሷን የሳተች ግን ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ ደሟና የልብ ምቷ መታየት አለበት። ደም ማነስ ይሆናል፣ እርግዝና ይሆናል፣ ሳይበሉ መዋልም ይሆናል።

ማዳም ገብታ ስታስተረጉም ደግሞ ይብሳል። «ስታጸዳ አዳልጧት ነው» ትላለች። ክፋት ላይሆን ይችላል፣ አላየችም ይሆናል። እናንተ ግን ቀና ብላችሁ «ኖ ስሊፕ። አይ ፓስድ አውት» በሉ፤ ለሰዋስው አትጨነቁ። አዙሯችሁ ብቻ ከሆነ «ዲዚ» ይበቃል፣ በዐረብኛው «ዶኻ»። ልትስቱ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ «ኦልሞስት ፓስድ አውት»። የሐኪም ወረቀቱም የሚጻፈው ከዚህ ንግግር ነው። በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሐኪም የመሰከረላት ሠራተኛ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ከነደሞዟ አላት።

«ፓስ አዌይ» ግን ሞት ነው! ስልክ ላይ ከተምታታባችሁ ጓደኛችሁን በቁሟ ቀበራችኋት።

ቤተሰቡን ተከትላችሁ መካ ለምትሄዱ፦ በ2024 የሐጅ ሰሞን ሐረም አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሷል። አጠገባችሁ ያለች ሰው ራሷን ከሳተች ወደ ጥላ ውሰዷት፣ ልብሷን አላሉላት፣ ሰውነቷን በውሃ እያራሳችሁ አራግቡላት። እስክትነቃ አፏ ውስጥ ውሃ አትጨምሩ። ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ደውሉና «ሺ ፓስድ አውት» በሉ።

እዚያው «ዘይ አር ፓሲንግ አውት ወተር» የሚል ብትሰሙ አትደንግጡ። ከኋላው የሚሰጥ ነገር ስም ከተከተለ፣ ያው ቃል ማደል ማለት ነው። ውሃ እያደሉ ነው፤ ሄዳችሁ ተቀበሉ።